ትምህርት ቤት የሚዘጋበት ሳምንት

እህቴ ከአረብ አገር ስትደውል መጀመሪያ የምትጠይቀው ጤንነታችንን ነበር። በዚያ ዓመት ግን ሰላምታውን ሳትጨርስ «ትምህርት ቤት የሚዘጋው መቼ ነው?» ማለት ጀመረች። ልጆቿን አፋር በረሃ ወስዳ የዱር እንስሳ ልታሳያቸው ቃል ገብታላቸው ነበር። ወንዱ ልጅ በስልክ ሰጎን ስትሮጥ አይቶ «ይሄ የእውነት ነው ወይስ የፊልም?» ብሎ ጠየቃት። «የእውነት ነው፤ ከእናንተም ሩቅ አይደለም። ስመጣ አሳይሃለሁ» አለችው። ከዚያ ወዲያ እሱ ዘንድ ሌላ ወሬ የለም።

ለእኔ ለብቻዬ የነገረችኝ ግን ሌላ ነው።

«እንስሳው ሰበብ ነው» አለችኝ። «ቤት ከሆኑ አንቺ አለሽ፣ አባዬ አሉ፣ ጎረቤት አለ። ከእኔ ጋር የሚሆኑበት ጊዜ አይኖርም። መኪና ውስጥ ግን የት ይሄዳሉ? መንገድ ሰውን ያላምዳል።»

ምን ማለቷ እንደሆነ ገብቶኛል። ስትሄድ ሴቷ ገና ድክ ድክ ትል ነበር፤ ወንዱ ጡት አልጣለም። አባታቸው ፈቷት ሌላ አግብቷል። እናታችን ሞታለች። እኔ ያኔ ስድስተኛ ክፍል ነበርኩ፤ ልጆቹን የሚይዝ ሰው ስላልነበረ ደብተሬን አስቀመጥኩ። ልጆቹ አፍ ሲፈቱ እኔን «እማ» አሉ። እሷን «እትዬ» አሏት፤ ታላቄ ስለሆነች እኔ እንደዚያ ነው የምጠራት፤ በስልክ ስጠራት የሰሙትን ያዙ። «እናታችሁ እኮ ናት» ስላቸው «እናውቃለን» ይላሉ። እውነታቸውን ነው፤ ያውቃሉ። የእናታችሁ ስም ማነው ሲባሉ የእሷን ይናገራሉ። አፋቸው የለመደው ግን እትዬን ነው።

ጊዜ መምረጥ ይህን ያህል ያስቸግራል ብዬ አላሰብኩም ነበር። እህቴ የምትሠራበት ቤት ልጆች አሉ። ለእሷ ፈቃድ የሚሰጧት የእነሱ ልጆች ትምህርት ቤት ተዘግቶ ቤተሰቡ ሌላ አገር ለሽርሽር ሲሄድ ነው። ያ በእኛ ክረምት ነው። የእኛም ትምህርት ቤት ያኔ ስለሚዘጋ መጀመሪያ ነገሩ የገጠመልን መስሎን ደስ ብሎን ነበር። ለአባዬ ነገርኳቸው። አባዬ በጉልምስናቸው ግመል ሲነግዱ ቆላውን ከላይ እስከ ታች ረግጠውታል።

«በሐምሌ አፋር?» አሉኝ። «እንስሳ ልታሳዩዋቸው ነው ወይስ ልትጠብሷቸው? በሐምሌ እኮ አፋሩ ራሱ ከብቱን ይዞ ወደዚህ ነው የሚሸሸው። አውሬውም ቀኑን ሙሉ ጥላ ሥር ተኝቶ ይውላል፤ ማን ይታይላችኋል?»

«መቼ ይሻላል ታዲያ ይላሉ?»

«ከኅዳር እስከ ጥር። ከዚያ ወዲያ ፀሐዩ ይከፋል።»

ኅዳርና ታኅሣሥ ልጆቹ ይማራሉ። ስለዚህ የቀረን በጥር መጨረሻ ላይ፣ በሁለቱ መንፈቀ ዓመት መካከል ትምህርት ቤት የሚዘጋበት ሳምንት ብቻ ሆነ። ረመዳንም ገና ነበር። ያን ሳምንት ያዝነው።

እህቴ አሠሪዋን፣ መዳሟን፣ መለመን ጀመረች። መዳሟ በጥር ፈቃድ የሚባል ነገር የለም አለቻት። ሌላ ጊዜ ደግሞ «ልጆቼን ማን ትምህርት ቤት ሊያደርስልኝ ነው?» አለቻት። እህቴ ይህን ስትነግረኝ ሳቀች፤ እኔ አልሳቅሁም። በመጨረሻ የመዳሟ ዘመድ ልጆቹን ለጥቂት ቀን ልያዝ ስላለች አጭር ፈቃድ ተገኘ። ትኬቱም ተቆረጠ።

እኔ የቀረኝ ትምህርት ቤቱ የሚዘጋበትን ቀን አረጋግጦ መንገር ነበር። ለሰው ቀላል ነው፤ ለእኔ ግን አስተማሪ ፊት መቆም ይከብደኛል። ሁለት ቀን በር ላይ ደርሼ ተመለስኩ። በሦስተኛው ቀን ዘበኛው ሽማግሌ «አንቺ ልጅ፣ ቆመሽ የምታይው ትምህርት ቤቱን ልትገዢው ነው እንዴ? ግቢ!» ብለው ገፋ አድርገው አስገቡኝ። ርእሰ መምህሩ ነጠላዬ አፌ ላይ ስለነበር ያልኩት አልተሰማቸውም፤ ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ። ከዚያ «ዘንድሮ እንደሌላው ጊዜ አይደለም» አሉኝ። «ሰላሙ ደፍርሶ ትምህርት ዘግይቶ ነው የተጀመረው። ያንን ለማካካስ ፈተናውን ወደ ዕረፍቱ ሳምንት ገፍተነዋል። ዕረፍት የሚሉት ቅዳሜና እሑድን ይዞ ትንሽ ቀን ናት።»

ከሰዓት በኋላ ደወልኩላት። ርእሰ መምህሩ ያሉትን ነገርኳት። ከጀርባዋ የልጆች ጨዋታ ይሰማኝ ነበር፤ በዓረብኛ ነው የሚጯጯሁት።

«በቃ ልምጣ» አለች። «ሲያጠኑ አጠገባቸው እቀመጣለሁ። እሱም አንድ ነገር ነው።»

መጣች። ልጆቹ አቅፈው ሳሟት፤ ያመጣችላቸውን ልብስ ለበሱ፤ ለጎረቤት አሳዩ። ማታውኑ ደብተራቸውን ዘርግተው ማጥናት ያዙ። እህቴ ሻንጣዋን እንኳ ሳትፈታ ሴቷ ልጅ ጎን ቁጭ አለች። ልጅቷ አራተኛ ክፍል ናት፤ ትምህርት ላይ ቀልድ አታውቅም። ትንሽ ቆየችና ቀና ሳትል «እትዬ፣ ብርሃኑን ከለልሽብኝ» አለቻት። እህቴ ብድግ አለች። ቦታ ተሳስቶ የተቀመጠ እንግዳ ነበር የምትመስለው።

ፈተናው ቀጠለ። ጠዋት ጠዋት እኔ አደርሳቸዋለሁ፤ እህቴ ሊጠይቋት ከሚመጡት ሰዎች ጋር ቤት ትቀመጣለች። ዘመድ፣ ጎረቤት፣ ልጁን አረብ አገር የላከ ሁሉ ይመጣል። ትታቸው እንዳትወጣ ነውር ነው። አንድ ቀን ግን ልጆቹ ሲመለሱ ትዕግሥቷ አለቀ።

«ነገ ብትቀሩ ምን ይላል? በጠዋት ተነስተን ብንሄድስ?» አለቻቸው።

ወንዱ ዓይኑ በራ። ሴቷ ግን «ፈተና ተቀርቶ? እማ አትፈቅድም» አለች።

እኔ መሬት መሬቱን አየሁ። ኋላ ጓሮ የተሰጣውን ልብስ ስንሰበስብ፣ እህቴ አንሶላውን በወዲያ ጫፍ ይዛ «እኔን ፈቃድ አይጠይቁኝም» አለች። አንሶላውን አጠፍነውና ገባን።

ፈተናው ባለቀ ማግሥት ከወልድያ አንድ ሹፌር ከነመኪናው ተከራየች። ሁለት ቀን ነው የነበረን። እኔ መቅረቴን ቀድሜ ነግሬያት ነበር፤ አባዬን ብቻቸውን አልተውም አልኩ። እውነቱን ሁለታችንም እናውቃለን፤ እኔ ከሄድኩ መንገዱ መንገድ አይሆንላትም። አባዬ ዱዓ አደረጉ፤ ልጆቹ አሚን አሉ። ሴቷ ገባች። ወንዱ የመኪናውን በር ይዞ ቆመ።

«እማስ?»

«እማ ቤት ትጠብቃለች» አልኩት።

«እኔም ቤት እጠብቃለሁ።»

«ሰጎኗን አታይም?»

«ስልክ ላይ አይቻታለሁ።»

ሹፌሩ ሳቀ። «አንተ፣ እኔ ሰጎን ቀጥሬልሃለሁ፤ ልትቀርባት ነው?» አለው። ልጁ አልሳቀም፤ ከንፈሩ መንቀጥቀጥ ጀመረ። እህቴ አየችው፤ ከዚያ እኔን አየችኝ። «ነይ በቃ፣ ግቢ» አለችኝ። አባዬም «ሂጂ ልጄ፣ እኔ ሕፃን አይደለሁም» አሉ።

ከኋላ ቦታ ነበረ። እኔ ግን ከፊት፣ ከሹፌሩ አጠገብ ገባሁ። ከማላውቀው ወንድ ጎን ተቀምጬ አላውቅም፤ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ ነጠላዬን እስከ አፍንጫዬ ሳብኩ። እህቴን በሁለቱ ልጆች መካከል አስቀመጥናት።

ሲሪንቃን አልፈን በሐራ በኩል ወደ ቆላው ወረድን። ሹፌሩ ክርስቲያን ነው፣ ተጫዋች። ግመል ባየ ቁጥር «ያውና አንበሳ!» ይላል። ወንዱ «እሱማ ግመል ነው፤ ግመል ገበያችንም አለ» እያለ ይከራከረዋል። ጭፍራን አልፈን ሚሌን ከተሻገርን በኋላ ሜዳው ተዘረጋ። የሜዳ ፍየሎች አየን፤ ልጆቹ ፍየል ነው ብለው ብዙም አልተደነቁም። ትንሽ እንደ ሄድን ሹፌሩ ቀስ ብሎ አቆመ። ከግራር ዛፎቹ ወዲያ ሦስት ሰጎኖች እየሄዱ ነበር፤ አንደኛዋ ቆም ብላ አየችንና መሮጥ ጀመረች፤ ሌሎቹ ተከተሏት።

ሴቷ ልጅ ጮኸች። «እትዬ! እትዬ፣ እግሯን እይው!» ብላ የእህቴን ክንድ በሁለት እጇ ያዘች። በመስታወቱ አየኋት። እህቴ ሰጎኖቹን አላየቻቸውም። ክንዷ ላይ ያሉትን እጆች ነበር የምታየው።

ጥር ነው ብለን የመረጥነው ቀን ረፋዱ ላይ ጋለ። ወንዱ ልጅ ዝም አለ። ቀጥሎ ማስመለስ ጀመረ። ወረድን፣ ፊቱን በውኃ አጠብነው፣ መልሰን ስንገባ ሰውነቱ ትኩስ ነበር። እህቴ ጭኗ ላይ አስተኛችው። እኔ ወደ ፊት ወንበሬ ተመለስኩ። ትንሽ እንደ ሄድን ዓይኑን እንደ ጨፈነ «እማ» አለ።

አልዞርኩም። እንዳልዞር የወንበሩን ጠርዝ ያዝኩ።

«እማ» አለ ደግሞ፣ ሊያለቅስ ነው።

«ወዬ» አለች እህቴ።

ሴቷ ልጅ እናቷን ቀና ብላ አየቻት፣ ከዚያ የእኔን ጀርባ። ልጁ «ራሴን» አለ። «ወዬ የኔ ጌታ፣ ይኸው ያዝኩልህ» አለች። ድምፃችን እንደሚመሳሰል ሰው ይነግረን ነበር። ልጁ እጁን ልኮ አንገቷን ያዘና ተኛ።

ሹፌሩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እህቴ፣ አንቺን የጠራሽ መስሎኝ ነበር» አለኝ።

«እናቱ ከኋላ ያለችው ናት» አልኩት። መንገዱን ሙሉ ለእሱ የተናገርኩት ይህንን ብቻ ይመስለኛል።

ያደርንበት ከተማ ክሊኒክ አሳየነው፤ ፀሐይ ነው አሉን፤ መድኃኒት ሰጡን። ጠዋት ነቅቶ እህቴ ሥር ራሱን ሲያገኝ ቀስ ብሎ ተነሥቶ ወደ እኔ አልጋ መጣ። እህቴ ነቅታ ነበር። ዓይኗን መልሳ ጨፈነች።

አንበሳ ሳናይ ተመለስን። ልጆቹ ግን ለአባዬ ስለ ሰጎኖቹ ሲያወሩ ሦስቱ ሠላሳ ሆኑ።

በነጋታው ትምህርት ተከፈተ። እህቴ የምትሄደውም በዚያው ቀን ነው፤ ረፋዱ ላይ መኪና ትይዛለች። ጠዋት ወንዱ ጫማውን ሲያስር ጎንበስ ብላ አሰረችለት። «ዛሬ እኔ ላድርሳቸው» አለችኝ። ሁለቱንም እጅ እጃቸውን ይዛ ወጣች። ከበሩ ሆኜ እስኪታጠፉ አየኋቸው። ሴቷ እያወራች ነበር፤ ምን እንደምትል አልሰማሁም።

ስትመለስ ዓይኗ ቀልቷል። ሻንጣው ላይ ተቀመጠች።

«ተሳስተናል» አለች። «ትምህርት ቤት ሲዘጋ አልነበረም መምጣት የነበረብኝ። ሲማሩ ነው። አንድ ወር ባደርሳቸው፣ ባመጣቸው፣ ደብተራቸውን ባይ፣ እንስሳም አያስፈልገኝ ነበር። አስተማሪዋ የምትቆጣው ማንን እንደሆነ ልጅቷ ነገረችኝ እኮ። ከበሩ እስከ ትምህርት ቤቱ አፏን አልዘጋችም።»

«በሚቀጥለው እንደዚያ ታደርጊያለሻ።»

ቀና ብላ አየችኝ። «የእኛ ሲማሩ የእነሱም ይማራሉ» አለች። «ማን ያደርሳቸዋል?»

ከዚያ አባዬን እግራቸውን ስማ፣ ሄደች።

ስድስት ሰዓት ላይ ልጆቹን ልወስድ ትምህርት ቤቱ በር ቆምኩ። ሴቷ አየችኝና መጣች፤ ምንም አልጠየቀችም፤ የእናቷን መሄድ ታውቃለች። ወንዱ ወጣና አልፎኝ ሄደ። ወዲህ አየ፣ ወዲያ አየ። የመኪናው መንገድ ድረስ ሄዶ ተመለሰ።

«ያደረሰችን አትመልሰንም እንዴ?» አለኝ።

«ሄደች» አልኩት።

ቦርሳውን ልይዝለት እጄን ዘረጋሁ። አልሰጠኝም። ሌሎቹ ልጆች ሁሉ እስኪሄዱ፣ ዘበኛውም በሩን እስኪዘጉ ድረስ እዚያው ቆመ። እኔም አጠገቡ ቆምኩ።