«አንድ አጭር አለን»

የታጨደ እርጥብ ሣር ሲሸተኝ ዛሬም ደሜ ይፈላል። ሰው ደስ ይለዋል፣ እኔ እናደዳለሁ። ምክንያት አለኝ፣ ልንገርህ።

ዘጠናዎቹ መጨረሻ ላይ ነው። ኦክላንድ ፓርኪንግ አብሮኝ የሚሠራ የወሎ ልጅ ነበር፣ በር ሲገባ ጎንበስ የሚል ረጅም። እኛ ጋ መኪናውን የሚያቆም አንድ አውስትራሊያዊ የአገሩን እግር ኳስ ያሠለጥን ነበርና ጓደኛዬን አይቶ አፉን ከፈተ። «ና ተጫወት» አለው። እሱ ደግሞ «ያለ እሱ አልመጣም» ብሎ እኔን ድንኩን ጎትቶኝ ሄደ።

ኳሷ እንቁላል ነው የምትመስለው፣ በእጅም በእግርም ትመታለች። ዳኛው መሬት አንጥሮ ሽቅብ ሲሰዳት ረጃጅሞቹ ዘለው ወደ ታች ይመቷታል፣ እኛ አጫጭሮቹ አፈፍ አድርገን እንሮጣለን። ረጅምና አጭር ካልተመጣጠነ ቡድን የለም ይል ነበር አሠልጣኙ። ጓደኛዬ ወዴት እንደሚጥላት ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ትከሻውን አይቼ አውቅ ነበር። በዕድሜዬ ቁመቴን የወደድኩት ያኔ ብቻ ነው።

የዋንጫው ጨዋታ ሳምንት ሳን ሆዜ ሌላ ሥራዬ ላይ ኦቨርታይም ገብቼ ልምምድ ቀረሁ። ጓደኛዬ ሳን ሊያንድሮ ቤቴ ድረስ መጣ፣ ፊቱ ጠቁሯል።

«አሠልጣኙ ‹ዊ አር ዋን ሾርት› አለኝ» አለ። «አንድ አጭር አለን ማለቱ ነው። ያንን አዲስ የመጣውን አጭር ቀይ አውስትራሊያዊ በአንተ ቦታ ሊያሰልፍ ነው መሰለኝ።»

«እኔስ?»

«ወላሂ፣ ስለ አንተ ምንም አላለም።»

ለምኜ አልጫወትም ብዬ ቅዳሜ ቤቴ ተኛሁ። መሸነፋቸውን ስሰማ ሆዴ ቅቤ ጠጣ። ከዚያ ወዲያ ያ የታጨደ ሣር ሜዳ ጋ ዝር አላልኩም፣ ከእሱም ጋር ቀስ በቀስ ተራራቅን።

ከዓመታት በኋላ ካምቤል ከተማ በአረጋውያን መጦሪያ ስሠራ፣ በእረፍት ቀኔ አለቃዬ ኮል አደረገችልኝ። «ዊ አር ዋን ሾርት፣ እባክህ ና» አለች። ለካስ አንድ ሰው ጎድሎናል ማለት ነው! ያኔም የጎደልኩት እኔው ነበርኩ።

ወዲያው ጓደኛዬ ጋ ደወልኩ። «ያ ‹ዋን ሾርት› ያለህ ምን ማለት እንደነበር ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ» አለኝ። «የዋንጫው ቀን እዚያው ሜዳ ላይ አሠልጣኙ ‹ጓደኛህ የት አለ?› ብሎ ሲጮህብኝ ገባኝ።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት ዝም ትላለህ? አልተፈለግሁም ብዬ ስቃጠል!»

«አፈርኩ፣ ወንድሜ» አለ። «ያን ቀን ደግሞ እጄ እምቢ አለኝ። ጨዋታው እስኪያልቅ ኳሷን አንተ ወደምትቆምበት ነበር የምጥላት።»

ልሰድበው አፌን ከፍቼ ተውኩት። ስልኩን ዘጋሁበት።