ሁለት ቦታ የተከፈለ ግብር

በረሃቡ ዓመታት በሱዳን፣ በገዳሪፍ ዙሪያ ማሽላ የሚያጭድ የአገራችን ሰው ግብር የሚከፍለው አንድ ቦታ ብቻ አልነበረም። ዶካ ሲሠራ ለዶካው መጅሊስ፣ ማለት ለከተማው ምክር ቤት ይከፍላል። ሥራው አልቆ ወደ ሀዋታ ሲወርድ የዶካው ደረሰኝ አያገለግለውም፤ እንደገና ይከፍላል። በዚህ ላይ የአገር ቤቱ የመሬት ግብር አለ።

«ላም ብሆን ደግ ነበር» አለኝ ዶካ ያገኘሁት አንድ አጫጅ። «አላቢ ሞልቶልኛል። የጠፋው ድርቆሽ የሚያቀርብልኝ ነው።»

ስለ ድርቁ ልጽፍ ነበር የሄድኩት። ከመተማ ወዲህ ያለ አንድ ቀበሌ፣ ሰዉ ሁሉ ወደ ሱዳን ወርዶ ባዶ ቀርቷል። የገበሬ ማኅበሩ ገንዘብ ያዥ፣ ሸበቶ ረጅም ሰው፣ አብሮ ወርዷል፤ ሥራውን ግን አልተወም። ግብር ያልተከፈለበት መሬት ለሌላ ይሰጣል የሚለው ደንብ፣ ቤቶቹ ባዶ ቢሆኑም እንዳለ ነው ብሎ ያምናል። ሕዝቡም ያምናል። ስለዚህ በአጨዳ ወራት በሎሪ ከእርሻ እርሻ እየዞረ የቀበሌውን ሰው ሁሉ ስም በቃሉ ይጠራል። የተጠራው «አቤት» ብሎ ይከፍላል። እሱ ከሌለ ዘመዱ «አቤት» ይልለታል። «የለም» አይባልም፤ የለም የተባለ ሰው መሬቱ ያልፍበታል።

ከዶካ ወደ ሀዋታ አብሬው ሄድኩ። ሰዎቹ ከቀትር በኋላ ታጭዶ ባለቀው ማሳ ላይ ቆመው ጠበቁት። መሬቱ ጥቁር ነው፣ ተሰነጣጥቋል፤ እስከ ሰማዩ ጥግ ድረስ ከማሽላ ጉቶ በቀር የሚታይ ነገር የለም። ገንዘብ ያዡ ድምፁን ሳያነሣ መጥራት ጀመረ። የሽማግሌ ስም ሲጠራ ሕፃን ልጅ «አቤት» አለች። የጎረምሳ ስም ሲጠራ ጥርሳቸው ያለቀ እናት «አቤት» አሉ። ማንም ፊቱን አላዞረም። ዐይኔን ብጨፍን የቆመው ሕዝብ ካየሁት የሚበዛ መሰለኝ።

ሌላ ቦታ የከፈለ ሰው ስም ላይ ሲደርስ ራሱ ገንዘብ ያዡ «ዶካ አለ» ይላል። ይህን ስትሰማ «ተመስገን» ብላ መሬት የምትስም ሴት ነበረች።

ከዚያ አንድ ስም ጠራና፣ «ዶካ አለ» ከማለቱ በፊት አንዲት ወጣት ሴት ማጭድ እንደያዘች «አቤት» አለች።

«ተከፍሏል እኮ፣ እታለም። ዶካ።»

ሴትየዋ ሣቀች። «ባሌ ነው። ክረምት ሳይወጣ ወንድሜ ዘንድ ልሂድ ብሎኝ ነው የወጣ። ደረሰ በለኛ! ከሳ? ምን ለብሷል?»

ገንዘብ ያዡ ወደ እኔ አየ። ዶካ በዚያ ስም «አቤት» ያለውን ሰው አብረን አይተነዋል። ጠይቄውም ነበር።

«የከፈለለት ወንድሙ ነው» አላት።

«እሱሳ?»

ገንዘብ ያዡ የሰበሰበውን ብር መቁጠር ጀመረ። ስለዚህ እኔ ነገርኳት። «ወንድሙ ባልሽን ዘንድሮ አላየውም። ሀዋታ ሚስቱ ዘንድ ነው ብሎ ነው የከፈለለት።»

ሣቋ ከፊቷ ቶሎ አልጠፋም። ዶካ ወዳለበት አቅጣጫ አየች፤ እዚያም ጉቶ ብቻ ነበር። በዶካና በሀዋታ መካከል ያለውን መንገድ እኔም መጥቼበታለሁ። ያረፍንባቸውን መንደሮች በልቤ አንድ በአንድ አስታወስኩ፤ በአንዱም ስሙን ያነሣ ሰው አልነበረም።

በእጇ የነበረውን ገንዘብ ዘረጋች።

«አንድ መሬት ሁለት ጊዜ አይገብርም፣ እታለም። ያዥው።»

«ለመጪው ዓመት ያዝለት።»

«የመጪው ዓመት ግብር ቀድሞ አይከፈልም። ሥርዓት አይደለም።»

«እሱም የትም አይቀርም፣ አያ። ሲመጣ ግብሩን ከፍዬ ልጠብቀው።»

ከኋላ አንድ ሰው «ያዝላት እንግዲህ፤ አገሩ ሁሉ ሥርዓት የያዘ ይመስል» አለ። ማንም አልሣቀም። ገንዘብ ያዡ ተቀብሎ ከሌላው ገንዘብ ለይቶ በመሐረብ ቋጠረው። ሴትየዋ ግን ከቦታዋ አልሄደችም፤ ሌሎቹ ስሞች ሲጠሩ ልትሰማ ቆመች።

የሚቀጥለው ስም ተጠራ። ደግሞ ጠራው። አንድ ሽማግሌ አፋቸውን ከፍተው መልሰው ዘጉት። የተጠራው ልጃቸው ነው፤ ኒው ሀልፋ ወርዶ የስኳር እርሻ ላይ ሸንኮራ ይቆርጣል ብለው ጠዋት ነግረውኝ ነበር። አሁን ሁሉም እርስ በርሱ ይተያያል፤ እያንዳንዱ የራሱን ሰው ማን ዘንድ እንዳስቀመጠው የሚያስብ ይመስላል።

«አያ» አሉ ሽማግሌው በመጨረሻ፣ «ኒው ሀልፋ ደርሰሃል?»

«አልደረስኩም።»

«ይህ እንግዳስ?»

«እኔም አልሄድኩም» አልኩ።

ልጃቸውን እዚያ ፈልጎ ያጣ እንደሌለ ሲያውቁ ሽማግሌው ትንፋሻቸውን ለቀቁ።

«እንግዲያው አቤት» አሉ።