የአደዩ ቢጫ

ባለፈው ሳምንት የልጄን ስልክ ላሠራ አራዳ ወርጄ፣ ጠጋኙ እርሳስ ሲያቀልጥ ሽታው መጣና፣ በደርግ ጊዜ ያደግሁበት የጎንደር ግቢ ፊቴ ላይ ድቅን አለ፤ ሳላስበው እጄን ነጠላዬ ውስጥ ደበቅሁ።

ያኔ ሦስተኛ ክፍል ነበርሁ። ግቢያችን ውስጥ የተከራዩት መምህር፣ አያ ሙሉ፣ ውጭ አገር ተምረው ሲመለሱ ትንሽ ኮምፒዩተር ይዘው መጥተው፣ ከጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥናቸው ጋር አያይዘው በነጭ የተሣለ አበባ ያሳዩን ነበር። ባለቀለም ቴሌቪዥን ለበዓል ሊዋሱ ጓደኛቸውን አስቸግረው፣ ኮምፒዩተሩም ቀለም እንዲያወጣ ከውጭ የተላከላቸውን ዕቃ ክረምቱን ሙሉ በእርሳስ እየበየዱ ይገጥሙ ነበር። እናቴ ቤታቸውን ታጸዳላቸው ነበር።

«እትዬ አለም፣ ለእንቁጣጣሽ ይህን አደይ ቢጫ አድርጌ አሳይሻለሁ» ይሏታል።

«ምነው አያ ሙሉ፣ ደጅ ወጥቶ ማየቱ አይቀልም?» ትላቸውና ይሳሳቃሉ።

ጳጉሜ ሲገባ እኔ ቸኮልሁ። እናቴ የስፌት አክርማዋን የምትነክርበት ቢጫ ቀለም አፍልታ ነበር፤ ነጩ ሣር ቀለሙን ጠጥቶ ቢጫ ሲሆን ዘወትር ስለማይ፣ ኮምፒዩተሩም ቢጠጣ አበባው ቢጫ የሚሆን መሰለኝ። እሷ አጽድታ ስትወጣ ገብቼ፣ በፊደሎቹ መካከል አንድ ማንኪያ አፍስሼ፣ የተረፈውን በቀሚሴ ጠረግሁ። አያ ሙሉ ከሥራ ተመልሰው ሲያበሩት ጨሶ ቀረ።

እናቴ ጠዋት በእርጥብ ጨርቅ ወልውላው ስለነበር ጥፋቱን በራሷ አደረገችው። በማግሥቱ ድንጋይ በአንገቷ ተሸክማ ደጃቸው ላይ ተንበረከከች።

«ጨርቄ ነው ያጠፋው። ይማሩኝ» አለች።

ኮምፒዩተሩን ፈተው ዘርግተውት ነበር፤ ውስጡ ቢጫ ሆኗል። እናቴ አቀርቅራ ስለነበር አላየችም። የእሳቸው ዓይን ግን ከዚያ ተነሥቶ ጣቶቼ ላይ አረፈ። እጄን ወደ ኋላዬ ደበቅሁ። እንድናገር ጥቂት ጠበቁኝ፤ ዝም ስል ድንጋዩን ከአንገቷ አወረዱላት።

«ተነሽ እትዬ አለም፤ ከጨርቁ አይደለም።»

ሊያጽናኑኝ ነው ብላ አላመነቻቸውም። መስከረም ጠብቶ አደዩ በየደጁ ሲፈነዳ፣ ዕቃቸውን ሳትነካ ወለሉን ብቻ ትጠርግ ነበር። ጥቅምት ላይ አያ ሙሉ ተዛውረው ሄዱ።

ዛሬ ልጆቼ የሚያዩት ሁሉ ባለቀለም ነው። «ያጠፋችሁትን ራሳችሁ ተናገሩ» እያልሁ እቆጣቸዋለሁ። እናቴ እኔ ዘንድ ናት፤ ልጆቹ «አያቴ፣ እስቲ ያዢው» ብለው ስልኩን ሲሰጧት እጇን ነጠላዋ ውስጥ ትከታለች።

«ተዉኝ ልጆቼ፤ የኔ እጅ ያጠፋል።»

እኔም አጠገቧ ተቀምጬ የራሴን እጅ ነጠላዬ ውስጥ እደብቃለሁ።