ባሕሩ ያልሰጠን መዳብ

አሞኒያ በሸተተኝ ቁጥር፣ የመስኮት ማጽጃም ይሁን፣ ሜስኪት የምትባል ከተማ የነበረው አፓርታማችን ኪችን ይመጣብኛል። አባቴ አገር ቤት ኬሚስትሪ ያስተምር ነበር፣ እዚህ ኤርፖርት ሰው ያመላልስ ነበር። የሌላው አባት ስለ ኳስ ያወራል፣ የኔው ግን የድሮ ኬሚስቶች ማሽን ሳይኖራቸው፣ የባሕር ውሃ አፍልተው አፍልተው፣ ውስጡ የተደበቀችውን ቅንጣት ብርና መዳብ እንዴት እንደያዟት ይነግረኝ ነበር።

አንድ ሰመር ባሕሩ ዳር ጋልቬስተን ወርደን አራት ጋሎን የባሕር ውሃ ይዘን ተመለስን። ትምህርት ሲከፈት፣ አባቴ ኪችን ውስጥ ከባሕር መዳብ ሊያገኝ ነው ብዬ ክፍል ውስጥ ፎከርኩ። የሳይንስ ቲቸሬ «አባትህ ሹፌር አይደል እንዴ?» አለኝ፣ ክፍሉ በሙሉ ሳቀብኝ። ቤት ገብቼ ስነግረው አባቴ ድስቱን ጣደ።

ሶ፣ እሱ ሥራ ሲሄድ እኔ እያማሰልኩ፣ መስኮቱ በእንፋሎት እየታፈነ፣ ሳምንት ፈጀን። መጨረሻ ላይ አሞኒያ ጠብ ሲያደርግበት ውሃው ሰማያዊ ሆነ፤ አሞኒያ መዳብ ሲያገኝ እንደዚያ ነው። አባቴ በማግስቱ ሸሚዙን ተኩሶ፣ ብልቃጡን ይዞ ትምህርት ቤት መጣ፣ ቲቸሩም ተነስቶ ጨበጠው። የዛን ቀን እንዴት እንደተንጎራደድኩ።

ዊንተር ላይ መንገዱ በረዶ ሆኖ አባቴ ቤት ዋለ። ለማረጋገጥ ብሎ፣ ከሱቅ የተገዛ ንጹህ ውሃ በጨው ጣደ፣ እኔም እንደ ልማዴ አማሰልኩ። እሱም ሰማያዊ ሆነ። አባቴ ድስቱን አየ፣ ከዛ እጄን አየ። የያዝኩት የነሐስ ማንኪያ ነበር፣ ነሐስ ደግሞ መዳብ አለበት።

«በዚህ ማንኪያ ነው ከመጀመሪያው?»

«አዎ። ቲቸሩ ግን አያውቅም እኮ አባዬ፣ ተወው።»

«እኔ አውቄያለሁ። ባሕሩ ያልሰጠንን ሰጠን አንልም።»

ያንኑ ሸሚዝ ተኩሶ ሄደ። ክፍሉ ፊት ቆሞ፣ በዚያ አክሰንቱ፣ ዕቃውን በደንብ እንዳልፈተሸ፣ ስህተቱ የራሱ እንደሆነ ተናገረ። ስለ ማንኪያውም ስለ እኔም አንድ ቃል አልወጣውም። እኔ ተናድጄ ሁለት ቀን አኮረፍኩት።

አሁን አርሊንግተን የጀመርኩትን ኮሌጅ ጥዬ፣ ለአንድ ካምፓኒ የውሃ ሳምፕል እሰበስባለሁ። እኛ ሳምንት ያማሰልንበትን ነገር የካምፓኒው ማሽን በደቂቃ ታነበዋለች። ሱፐርቫይዘሬ ለማመሳከሪያ ንጹህ ውሃ የምሞላበትን ጠርሙስ ዝለለው፣ ጊዜ ነው የምታባክነው ይለኛል፣ እኔም አፌ አያርፍም፣ እንጨቃጨቃለን። ያኔ አባቴ ክፍሉ ፊት ያዋረደኝ ይመስለኝ ነበር። ዛሬ መጀመሪያ የምሞላው ያንን ጠርሙስ ነው፣ ማሽኗ እሱ ላይ ዜሮ ካላለች፣ ሌላውን ብትነግረኝም አላምናትም።