ክላስ ውስጥ «መጣ!» ብዬ ጮህኩ

ዛሬ እዚህ ቴክሳስ፣ ሪቻርድሰን ከተማ፣ የኤሌክትሪክ ሥልጠና ክላስ ውስጥ፣ ሳላስበው «መጣ!» ብዬ ጮህኩ። ሁሉም ዞሮ አየኝ።

ምን ላድርግ? ክላስሜቴ በገዛ እጇ ሽቦ ዘርግታ የመጀመሪያ አምፖሏን አበራች። ኔቲቭ አሜሪካን፣ ከአገሩ ነባር ሕዝቦች ወገን ናት፤ የመጣችው በረሃ መሃል ካለ፣ እስካሁን መብራት ካልገባበት መንደር ነው። ሙያውን ይዛ ልትመለስ።

«ኦኬ፣ አጥፊው» አላት አስተማሪው።

አላጠፋችም። ፊቷ ቢጫው ብርሃን ውስጥ ተንሳፍፎ ቀረ። እኛም ሕልም ውስጥ እንዳለ ሰው አየናት።

ከዚያ «ምንድነው ያልሽው?» አለችኝ። እኛ አገር መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ሰፈሩ በሙሉ እንዲህ እንደሚጮህ ነገርኳት። (ቴክሳስ ውስጥ ለአምፖል የሚጮህ የለም ለካ!)

«እናቴ ቤት ሳበራ ኮል አደርግልሻለሁ» አለች። «ያኔም ጩኺልኝ።»

እናንተስ፣ ያለ ቦታው ከአፋችሁ ምን አምልጦ ያውቃል? እኔ ስልኬን ከአሁኑ ቻርጅ አድርጌያለሁ።