ወሰን የሌለው ማሳ

ኅዳር አጋማሽ፣ ማክሰኞ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ከሩብ። ከሆሳዕና ወጣ ብሎ በሚገኝ የሌሞ ወረዳ ቀበሌ፣ የኩታ ገጠም ስንዴ ሲያጭድ የነበረ ኮምባይነር በማሳው መካከል ቆመ። ያስቆሙት ነጠላቸውን እያውለበለቡ ከፊቱ የገቡ አንዲት እናት ናቸው። ዓይናቸው የደከመ ባለቤታቸው ጎህ ሲቀድ ከቤት ወጥተው አልተመለሱም ነበር።

እኔ የሄድኩት ለሌላ ሥራ ነው። ስለ አጨዳው አጭር ዘገባ ሠርቼ ከሰዓት በኋላ ከተማ መግባት ነበረብኝ። ልጆች ሳለን ኮምባይነር የአርሲ ነገር ነበር፤ በወሬ እንጂ በዓይን አናውቀውም። አሁን እዚያ አጨዳው ጋብ ሲል ማሽኖቹ ወደኛ ይመጣሉ። በኅዳር ማለዳ አንዳንዴ የሚቀሰቅሰኝ የእነሱ ድምፅ ነው። አስፋልቱን ሞልተው፣ ከኋላቸው ባጃጅና የፈረስ ጋሪ አስከትለው፣ እንደ ለቀስተኛ ቀስ ብለው ያልፋሉ። በየዓመቱ ሰልፉ ይረዝማል።

ኮምባይነር ጠባብ መሬት ላይ መዞር አይችልም። ስለዚህ የዚያ ቀበሌ ገበሬዎች ተስማምተው ማሳቸውን አገናኙ፤ አንድ ዓይነት ዘር በአንድ ሰሞን ዘሩ። በመካከል የነበሩትን የወሰን ቦዮች ትራክተር ደፈናቸው። በወሰኑ ላይ የቆሙት ባሕር ዛፎች ማሽኑ እንዲገባ ተቆረጡ። የማን መሬት የት ላይ እንደሚያልቅ ወረቀት ላይ አለ። መሬቱ ላይ ግን ምልክት አልነበረም። ጠዋት ከአፋፉ ላይ ሆኜ ቁልቁል ሳየው አንድ ወጥ ቢጫ ነገር ነው፤ ዓይን የሚያርፍበት ቦታ የለውም።

ጤዛው ደርቆ ማሽኑ ሲነሳ ሰው ሁሉ ከዳር ቆሞ ያይ ነበር። ኮምባይነሩን ያመጣው ደላላ ጠጋ ብሎ ትከሻዬን መታ አደረገኝ።

«ጋዜጠኛ፣ ከፊቱ አንሳው እንጂ ከኋላው አታንሳው።»

«ለምን?»

«ከፊት ፍሬ ይበላል፣ ከኋላ ገለባ ይተፋል። ሰው የእናንተን ዜና ይመስለዋል።»

አጠገባችን የነበሩ ሴቶች ሳቁ። አንዷ ለደላላው፣ «አንተስ? ከፊትም ከኋላም ስትበላ ነው የምናይህ» አለችው። እሱም ሳቀ።

ማሽኑ አጨዳውን የጀመረው ከዳር ነው። ማሳውን እየዞረ ከውጭ ወደ ውስጥ ይበላል። ያልታጨደው ስንዴ በመካከል እንደ ደሴት ይቀራል፤ ደሴቱም በየዙሩ ያንሳል። በማሳው ውስጥ የሚኖር ነገር ሁሉ ከድምፁ እየሸሸ ወደዚያ ይገባል። ከረፋዱ በኋላ ነፋስ ሳይኖር በደሴቱ ውስጥ ስንዴው ይንቀሳቀስ ጀመር። እዚህ ጋ ዛላው ይናጥና ይቆማል፤ ትንሽ ቆይቶ እዚያ ጋ ይናጣል። ጎረምሶች ዱላ ይዘው ዙሪያውን ቆሙ። ጥንቸልና ቆቅ ይጠብቃሉ። «አሁን ይወጣል» ይባባላሉ። ምንም አልወጣም።

እናትየዋ የደረሱት በዚህ ጊዜ ነው።

ሞተሩ ሲጠፋ በአየር ላይ የነበረው የገለባ ብናኝ ወዲያው አልወረደም። ፀሐይዋ በውስጡ ቀይ ሆና ትታይ ነበር። ሁሉም የሚያየው ያንን የቀረውን ስንዴ ነው። በደሴቱ እምብርት ላይ ዛላው አንዴ ተናጠ፣ ቆመ።

«ምን ብለው ወጡ?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ወደ ወሰኑ ነኝ አለኝ፣ ልጄ። ሊያጭዱት ነው፣ ከሰው ስንዴ ጋር ሳይደባለቅ የኔን ልዳስሰው አለ። ሁልጊዜ ይሄዳል። በወሰኑ ቦይ ሄዶ በወሰኑ ቦይ ይመለሳል። ዓይኑ እዚያ ነው።»

«ቦዩ እኮ ተደፍኗል፣ እማማ።»

«ነገርኩት። መሬት ወሰኑን አይረሳም ይለኛል።»

የኮምባይነሩ ሾፌር ከላይ ወርዶ መጣ። ከአርሲ የመጣ ወጣት ነው፤ ፊቱ በብናኝ ነጥቷል፣ ዓይኑ ብቻ ነው የሚታየው። «ቆመው ቢሆን ኖሮ አያቸው ነበር» አለ። ማንም አልጠየቀውም። ቀጥሎ ወደ ማሽኑ ፊት ሄዶ ተንበረከከና ምላጮቹን አንድ በአንድ አየ። እኔም አብሬው አየሁ። ገለባ ብቻ ነበር።

ሰዎቹ በደሴቱ ዙሪያ ተሰለፉና እጅ ለእጅ ተያይዘው ገቡ። ስንዴው እስከ ደረታቸው ስለሚደርስ ከርቀት የሚታየው ራስና ትከሻቸው ብቻ ነው፤ ራሶቹ በቢጫው ላይ ቀስ ብለው እየተንሳፈፉ ወደ መካከል ይጠጋሉ። ከየአቅጣጫው «አባባ!» ይላሉ። «አባባ ሆይ!» ከታች ካለው ዳገት ድምፁ ተመልሶ ይመጣል፤ የመጨረሻው «አባባ» ከሰው አፍ ይሁን ከዳገቱ መለየት አይቻልም። በዚያ አካባቢ የሽማግሌን ስም ጮኾ መጥራት ነውር ነው። ባለቤታቸው እንኳ የሚጠሯቸው በበኩር ልጃቸው አባትነት ነው። ስለዚህ ከተጣሪው ሁሉ አንድም ሰው ስማቸውን አልጠራም።

ራሶቹ መካከል ላይ ተገናኙ። ሁለት ጥንቸሎች በሰዎቹ እግር ሥር ሾልከው ወጡ። በዱላ የመታቸው የለም። ሰውየው እዚያ አልነበሩም።

በታጨደው መሬት ላይ የፈለጋቸው ሰው አልነበረም። እኔም አልፈለግኩም። የታጨደ መሬት ከዳር እስከ ዳር ይታያል፤ ማሽኑ የተፋው ገለባ በረጅሙ ተጋድሞበት ነበር፤ ሌላ ነገር የለውም።

«ከተማ ገብተው ይሆናል» አለ ደላላው። «ማክሰኞ ገበያ አይደል? ይኼኔ አንዱ ቤት ቁጭ ብለው ቅቅል እየበሉ ነው። እኛ እዚህ እናልቅስ።»

የሳቀለት አልነበረም። በምዕራብ በኩል ደመና መቋጠር ጀምሮ ነበር። በኅዳር ዝናብ ከመጣ የደረሰ ስንዴ በቆመበት ያቆጠቁጣል፤ ያላጨዱት ገበሬዎች ሰማዩንና እናትየዋን በየተራ ያያሉ። ደላላው ደግሞ ነገ አንጋጫ ወረዳ ሌላ የአጨዳ ቀጠሮ አለው። ሾፌሩን ለብቻው ጠራውና፣ «ሰውየው እዚህ እንደሌሉ ታየ። የቀረችውን ጨርስና እንውጣ» አለው።

«ሳይገኙ አላጭድም።»

«እንግዲያውስ ማሽኑን ወደ መንገድ አውጣው። ዝናብ ከመጣ ጭቃው ያስቀርሃል፤ ያኔ የሚጎትትህ እኔ አይደለሁም።»

ሾፌሩ ትንሽ አሰበና ተስማማ። መውጫው በስተምሥራቅ ነው፤ ጠዋት መጀመሪያ በታጨደው በኩል፣ ከእናትየዋ ቤት ትይዩ።

እናትየዋ ግን ወንዶቹ መካከል ገብተው ነበር። «ወሰኑ የት ነው?» ይላሉ በሀዲይኛ። «ወሰኑ ላይ ነኝ ብሏል። የት እንደነበር አሳዩኝ።»

በዚያ መሬት ላይ ተወልደው ያረጁ ሰዎች ናቸው። አንዱ እጁን ዘርግቶ አሳየ። ሌላው ከእሱ በስተግራ አሳየ። ሦስተኛው ባሕር ዛፉ የነበረበትን ፈለገ፤ ዛፉ የለም። ጥቂት ቆይተው ሁሉም እጃቸውን አወረዱ። አንዱ ቀስ ብሎ፣ «እዚህ ጋ እኮ ነበር» አለ። እጁን ግን ወደየትም አላነሳም።

እናትየዋ ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ተስፋ የቆረጡ መስሎኝ ነበር። አጥራቸው በር ላይ ሲደርሱ ጫማቸውን አወለቁ፣ ፊታቸውን ወደ ማሳው አዞሩ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ መራመድ ጀመሩ። ሄጄ ክንዳቸውን ልይዝ ስል በእጃቸው ገፋ አደረጉኝ።

«መሬቱን አላውቀውም» አሉኝ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። «የእሱን እግር ነው የማውቀው።»

አካሄዳቸው የራሳቸው አልነበረም። ግራ እግራቸውን ትንሽ ጎተት ያደርጋሉ፤ መሬቱን በጣታቸው ዳስሰው ነው የሚረግጡት። ከኋላዬ አንዲት ጎረቤት ትንፋሿን ሳበችና፣ «የእሳቸው አረማመድ ነው» አለች። የተቆረጠው አገዳ ሹል ነው፤ እግራቸው ይደማል፤ አልቆሙም። በዚህ መካከል ኮምባይነሩ ተነሳ። ሾፌሩ ወደ መውጫው አዙሮ ሲመጣ እናትየዋን ከፊቱ አያቸው። አቆመ፤ ሞተሩን ግን አላጠፋም።

እናትየዋ አንድ ቦታ ላይ ወረድ አሉ። በዓይን የሚታይ ጉድጓድ የለም። የተደፈነውን ቦይ የክረምት ጎርፍ ከሥሩ ከፍቶት ነበር፤ ገለባው ሸፍኖታል። በእግራቸው ቦዩን ይዘው ሄዱ። ትንሽ እንደሄዱ ቆሙና ዓይናቸውን ገለጡ።

ከፊታቸው ከተቆረጠው አገዳ ሁሉ አንዱ ወፍራም ነበር። ቁመቱ እንደሌሎቹ ነው፤ እንደሌሎቹም ቀጥ ብሎ ቆሟል። መሬት ላይ የተተከለ የሽማግሌው ምርኩዝ፣ ቀጭን የቀርከሃ ዘንግ ነው። ማሽኑ ከስንዴው እኩል ቆርጦታል።

ተንበረከኩና ገለባውን በእጃቸው ገለጡት።

ሽማግሌው ቦዩ ውስጥ በጀርባቸው ተጋድመዋል። ፊታቸውና ጋቢያቸው አንድ ዓይነት ቢጫ ሆነው ነበር። እጆቻቸው ደረታቸው ላይ ናቸው፤ በአንዱ ጥቂት የስንዴ ዛላ ጨብጠዋል። ዓይናቸው ክፍት ነው። ሞተዋል ብዬ ሰዓቴን አየሁ፤ የሥራ ልማድ ነው። ያኔ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ።

«ማነው?»

ሚስታቸው ስማቸውን ጠሩ። ያንን ስም ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ያኔ ነው። ከጎረቤቶቹም ከዚያ በፊት የሰሙት ጥቂቶች እንደሆኑ ከፊታቸው ያስታውቃል።

«ወሰኑ ላይ ነኝ፣ አይደለም?» አሉ ሽማግሌው።

«ወሰኑ ላይ ነህ። ተነስ።»

ሾፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ ወርዶ ነበር። ወደ ዘንጉ ተጠግቶ ዝቅ ብሎ አየው፤ አልነካውም። «ጠዋት አንድ ነገር ቋ ሲል ሰምቻለሁ» አለኝ። «የጉሎ ግንድ መስሎኝ ነው።» ከዚያ ገለባው ላይ ቁጭ አለ። ደላላው ውኃ አምጥቶ አጠጣው። ዝናቡ ሳይመጣ ቀረ። የቀረውን ስንዴ በማግስቱ ያጨደው ሌላ ሾፌር ነው።

እኔም በማግስቱ ተመልሼ ሄድኩ። ሽማግሌው ቤታቸው ደጃፍ ፀሐይ እየሞቁ አገኘኋቸው። ከሳል በቀር ጉዳት አልነበራቸውም። የማሽኑ ድምፅ ከየት እንደሚመጣ መለየት አቅቷቸው ቦዩ ውስጥ እንደተጋደሙ ነገሩኝ። ሲያልፍ ሰማዩ እንደተከደነ፣ ከዚያ የሚሞቅ ነገር እንደወረደባቸው ነገሩኝ።

«ሰው ሲጠራዎት አልሰሙም፣ አባባ?»

«ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልመለሱም?»

«ቀትር ነበር» አሉ። «አባቴ በቀትር ሜዳ ላይ የሚጣራ፣ ስምህን ካላወቀ ሰው አይደለም ይለኝ ነበር። ከላይም ከታችም ይጣራሉ። ሁሉም አባባ ይላሉ። ስሜን የሚያውቅ አንድም አልነበረም። እንዳይሰሙኝ ትንፋሼን ያዝኩ።» ቀጥለውም፣ «ያ ነገር ሁለት ጊዜ ነው ያለፈብኝ» አሉ።

ሾፌሩን ስልክ ደውዬ ጠየቅኩት። በዚያ መስመር ሲያጭድ ያለፈው አንድ ጊዜ መሆኑን በእርግጠኝነት ነገረኝ። ረፋድ ላይ እህሉን አይሱዙ መኪና ላይ ለማራገፍ ወደ መንገዱ ወጥቶ ተመልሷል። በየት በኩል እንደወጣ ግን አያስታውስም።

ከእናትየዋ ጋር ወደ ቦታው ሄድን። ገለባው እንደተገለጠ ነበር። ቦዩ ውስጥ፣ እርጥብ አፈር ላይ፣ የሽማግሌው ጀርባና ራስ ያረፉበት ምልክት አለ። አንድ የኮምባይነር ጎማ ፈለግ ቦዩን በራስጌው በኩል አቋርጦ ወደ መንገዱ ይወጣል። ከራሳቸው ምልክት እስከ ጎማው ፈለግ ያለውን በእጄ ለካሁት። ስንዝር አልሞላም።