አባቴ በባሕርና በአሸዋ መካከል የጠፉ ዕለት

ስልኬ ሲጮህ የአጃ ገንፎ እያማሰልኩ ነበር። ገንፎው የእኔ አይደለም፤ የአንዲት የዘጠና አንድ ዓመት ስዊድናዊት እናት ቁርስ ነው። ሥራዬ አቅም ያነሳቸውን አዛውንት በየቤታቸው እየሄዱ መርዳት ነው፤ እዚህ ሄምሸንስት ይሉታል። በጠዋት ስቶክሆልም ዳር ከምኖርበት ሰፈር ከቮርቢ ጎርድ እወጣና እስከ ከሰዓት ድረስ ሰባት ስምንት በር አንኳኳለሁ።

የደወለችው ልጄ ነበረች። ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው። ተወልዳ ያደገችው እዚሁ ስለሆነ አማርኛ ትሰማለች እንጂ መልሷ ሁልጊዜ በስዊድንኛ ነው። የዚያን ዕለት ግን በአማርኛ ጀመረች።

«እማዬ» አለች፣ «አባባ የለም።»

ማማሰያው ከእጄ ወደቀ። አባባ የምትለው አባቴን ነው። ከአራት ቀን በፊት አብረው ወደ ናሚቢያ፣ በረሃው ከባሕር ጋር ወደሚገናኝባት አንዲት ትንሽ ከተማ ሄደው ነበር።

«መቼ ነው ያረፉት?» አልኳት።

«ምን?» አለችና ወደ ስዊድንኛዋ ተመለሰች። «ኧረ አልሞተም! ጠፋ ነው የምልሽ። ሻወር ገብቼ ስወጣ አልጋው ባዶ ነው። ጫማውም የለም። ውጪው ጭጋግ ነው፣ ከበሩ ማዶ ያለው መኪና እንኳ አይታየኝም።»

ለአንድ አፍታ ደስ አለኝ። ይህን ሳልደብቅ መጻፍ አለብኝ። አባትሽ ጠፉ ተብዬ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ። ደስታው ግን ገንፎው እስኪያር እንኳ አልቆየም።

አባቴ በወጣትነታቸው መርከበኛ ነበሩ። ከምጽዋ በአንድ የግሪክ ጭነት መርከብ ተቀጥረው ወጡና ብዙ ዓመት በባሕር ላይ ኖሩ። በመጨረሻም እዚህ አገር ወደብ ላይ ወርደው ጥገኝነት ጠየቁ፤ እናቴንና እኔን አስመጡ፤ ጡረታ እስኪወጡም የባቡር ፉርጎ ሲያጥቡ ኖሩ። ስለ መርከቡ ዘመን ብዙ አያወሩም። የሚደጋግሟት አንዲት ታሪክ ብቻ ነበረቻቸው። የመርከቡ ሞተር ተበላሽቶ ዛሬ ናሚቢያ በሚባለው አገር ባለ አንድ የበረሃ ወደብ ስድስት ቀን ቆሙ። በዚያ ዘመን አገሩን የያዙት የደቡብ አፍሪካ ነጮች ነበሩና ነጮቹ መርከበኞች ወርደው ሲዝናኑ ጥቁሮቹ ከመርከቡ እንዳይወርዱ ተከለከሉ። አባቴ ስድስት ቀን ሙሉ የመርከቡን ብረት ተደግፈው አሸዋውን ሲያዩ ከረሙ።

«ተራራ ነው የሚያህለው» ይሉን ነበር። «ጠዋት ጭጋግ ይውጠዋል፣ ቀትር ላይ ቀይ ሆኖ ብቅ ይላል። ምነው አንድ ጊዜ በእግሬ ብረግጠው!»

እናቴ ካረፈች በኋላ መርሳት ጀመሩ። መጀመሪያ ቁልፍ፣ ቀጥሎ የሚወርዱበትን ጣቢያ። አንድ ቀን ቮርቢ ጎርድ መውረዱን ረስተው እስከ መስመሩ መጨረሻ፣ እስከ ኖርስቦሪ ሄደው እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። «ባቡሩ ነው የተሳሳተው» አሉኝ። ሐኪም ዘንድ ወሰድኳቸው። ሐኪሟ ምርመራውን ስትጨርስ ሁለት ነገር ነገረችኝ። መጓዝ የሚፈልጉበት ቦታ ካለ ጊዜው አሁን ነው አለችኝ። በማያውቁት ቦታ ግን ለደቂቃም ብቻቸውን እንዳይተዉ አለችኝ።

የመጀመሪያውን ለልጄ ነገርኳት። ሁለተኛውን አልነገርኳትም።

እኔ በዚያ ወር ፈቃድ አልተሰጠኝም። እሷ ደግሞ ትምህርቷን ገና መጨረሷ ነበርና «እኔ እወስደዋለሁ» አለች፣ ዓይኗ እያበራ። «ትንሽ ይረሳሉ፣ እንደ ማንኛውም ሽማግሌ» አልኳት። ሁሉን ብነግራት ትፈራለች፣ ጉዞውም ይቀራል ብዬ ነው። ደግሞም አፍሬ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ሰው ሁሉ ተነስቶ የሚቀበላቸውን አባቴን «አእምሯቸው ደከመ» የሚለው ቃል ከእኔ አፍ እንዲወጣ አልፈለግሁም።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት መልካም ነበሩ። ልጄ ፎቶ ትልክልኛለች። ቤቶቹ ከአውሮፓ ተነቅለው የመጡ ይመስላሉ፤ ሾጣጣ ጣሪያ፣ የእንጨት በረንዳ፣ በመንገዱ ዳር ዘንባባ። መንገዱ ሲያልቅ ደግሞ በረሃው ወዲያው ይጀምራል። እዚህ ስቶክሆልም ሐምሌ ነበርና ሰው ሐይቅ ዳር ይዋኛል፤ እነሱ አፍሪካ ውስጥ በብርድ ይንቀጠቀጣሉ። ሙቀት ብለን ስስ ልብስ ብቻ ስለሸከፍን ልጄ ለአባቴ ወፍራም ሰማያዊ ሹራብ ከዚያው ገዛችላቸው። ዳቦው ውስጥ አሸዋ አለ፣ አልጋው ውስጥ አሸዋ አለ ብላ ታማርራለች። ያረፉበት የእንግዳ ማረፊያ ውስጥ አንድ ሸምገል ያሉ ጀርመናዊ ባልና ሚስት አብረዋቸው ቁርስ ይበላሉ፤ አባቴም በሚያውቋት ትንሽ ጀርመንኛ ሰላምታ ይሰጧቸዋል።

በሁለተኛው ቀን ቪዲዮ መጣልኝ። አባቴ ከአሸዋው ተራራ ሥር ቆመው ጫማቸውንና ካልሲያቸውን ያወልቃሉ። ቀስ ብለው አንድ እግራቸውን ያሳርፋሉ፣ ከዚያ ሌላውን። እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ሰጠሙ። ልጄ ከካሜራው ጀርባ ትስቃለች። እሳቸው አይስቁም፤ ዝቅ ብለው እግራቸውን ብቻ ያያሉ። ባቡር ውስጥ ሆኜ ደጋግሜ አየሁት፤ ከጎኔ የተቀመጠችው ሴት ደህና መሆኔን ጠየቀችኝ።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ጠፉ።

ልጄ ስልኩን ዘግታ ፍለጋ ስትወጣ እኔ ያንን ያረረ ገንፎ ይዤ ቀረሁ። የምረዳቸው እናት ከጠረጴዛው ሆነው ያዩኛል።

«ምን ሆነሻል?» አሉኝ።

ነገርኳቸው።

«ታዲያ ሂጂ!» አሉ፣ እጃቸውን ወደ በሩ እየወረወሩ። «ስለ እኔ አታስቢ፣ ሂጂ!»

«ወዴት ልሂድ?» አልኳቸው።

በከዘራቸው ወንበር ስበው «እንግዲያው ተቀመጪ» አሉኝ።

ተቀምጬ ደወልኩ። የዚያች ከተማ ፖሊስ ጣቢያ ቁጥር ከኢንተርኔት አገኘሁና አንድ እርጋታ ያለው ሰው የአባቴን ስም፣ ዕድሜ፣ የሹራባቸውን ቀለም መዘገበ። «እርስዎ አሁን የት ነዎት?» አለኝ። «ስቶክሆልም» አልኩት። «እሺ እናት፣ ስልክዎ አይዘጋ» አለኝ። ወደ ጉዞ ኢንሹራንሱ ደወልኩ። አንዲት ወጣት ለጠፋ ሻንጣ ቅጽ እንዳላቸው፣ ሰው ሲጠፋ ግን መጀመሪያ የፖሊስ ወረቀት እንደሚያስፈልግ በትሕትና አስረዳችኝ። ወደ አለቃዬ ደወልኩ፤ እሷም አዘነችልኝ፣ የሚተካኝ ሰው ግን አልነበራትም።

ስለዚህ ሥራዬን ቀጠልኩ። ምን አደርጋለሁ? ቤት ብሄድም የምጠብቀው ያንኑ ስልክ ነው። አንድ ሽማግሌ አጠብኩ፣ ጀርባቸውን አደረቅሁ፣ የካልሲያቸውን ስፌት ጣታቸው ላይ እንዳይቆረቁራቸው አስተካከልኩ። የሰው አባት እንዲህ እየተንከባከብኩ የራሴ አባት በየትኛው መንገድ እንደሚሄዱ አላውቅም። ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ስሄድ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ተቀምጬ በስልኬ የከተማዋን የሳተላይት ካርታ ከፈትኩ። በአንድ በኩል ሰማያዊ፣ በሌላው በኩል ቢጫ፣ መካከል ላይ ከተማዋ። በሁለት ጣቴ አሰፋሁት፤ ጣሪያ ታየ፣ መኪና ታየ። ምስሉ ከስንት ጊዜ በፊት እንደተነሳ አላውቅም፤ እኔ ግን በየመንገዱ ሰማያዊ ሹራብ እፈልግ ነበር። አባታችን ሆይ ጀምሬ እንጀራችን ላይ ስደርስ ቀጣዩ ጠፋኝ፤ እንደገና ጀመርኩ፣ እንደገና እዚያው ላይ ጠፋኝ።

ከጠዋቱ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ልጄ ደወለች። ጀርመናዊው ሰውዬ በኪራይ መኪናቸው በባሕሩ ዳር እየፈለጉ ነው፤ ሚስታቸው ምናልባት አባቴ ከተመለሱ ብለው በሩ ላይ ቆመዋል፤ ጭጋጉ አልገፈፈም።

«እንዴት ጥለሻቸው ሻወር ትገቢያለሽ!» ብዬ ጮህኩባት።

ከኋላዋ የማዕበሉ ድምፅ ይሰማኛል።

«አሥር ደቂቃ ነው እማዬ» አለች። «አሥር ደቂቃ።»

ጥፋቱ የማን እንደሆነ እኔ አውቅ ነበር። እያወቅሁ ነው የጮህኩባት።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተገኙ። ጨው የሚጭን የአንድ መኪና ሾፌር ከከተማው ወጣ ብሎ፣ አሸዋውና ባሕሩ መንገዱን በሁለት በኩል በሚያጣብቡበት ቦታ፣ አንድ እግራቸው ባዶ ሆኖ ሲሄዱ አያቸው። ድሮ መርከባቸው ወደቆመበት ወደብ ነበር የሚሄዱት። ሾፌሩ ከጎኑ አስቀምጦ ሻይ ከፔርሙዝ ቀዳላቸው፤ በማይገባው ቋንቋ ያወሩትን ሁሉ እየሰማ ፖሊስ ጣቢያ አደረሳቸው።

ልጄ ከጣቢያው በቪዲዮ ደወለችልኝ። አባቴ ብርድ ልብስ ተደርቦላቸው አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። ከንፈራቸው ደርቋል።

«አባዬ፣ እኔ ነኝ» አልኳቸው።

ስልኩን አዩ፤ ከዚያ ወደ ፖሊሱ የደንብ ልብስ ዞሩና ጀርባቸውን ቀጥ አደረጉ።

«አልወረድኩም ጌታዬ» አሉ። «ጓደኞቼን ይጠይቁ። ከመርከቡ አልወረድኩም።»

«አባዬ፣ ቢወርዱም ችግር የለም። አሁን ማንም አይከለክልዎትም።»

«መሬቱን አልረገጥኩም» አሉ፣ አሸዋ የተጋገረበትን እግራቸውን ከአግዳሚው ሥር እየደበቁ። እጃቸውን ልይዝ ፈለግሁ። ጣቴን ስክሪኑ ላይ ሳደርግ ምስሉ ቆመብኝ።

ቀሪውን ልጄ ናት የነገረችኝ። ወጣቱ ፖሊስ ምን እንደሚሉ ጠየቃት፤ በእንግሊዝኛ ተረጎመችለት። ቆቡን አወለቀና ጠረጴዛው ሥር አደረገው። «ንገሪያቸው» አላት፣ «አገሩ አሁን የእኛ ነው። የፈለጉትን ያህል ይርገጡት።» እሷም በምትችለው አማርኛ ነገረቻቸው። «እሺ» አሉ አባቴ፣ ለአለቃ እሺ እንደሚባለው። እግራቸውን ግን አላወጡም።

ከሁለት ቀን በኋላ አርላንዳ አውሮፕላን ማረፊያ ተቀበልኳቸው። አባቴ አወቁኝ፣ ሳሙኝ፣ ስለ ጉዞው ግን አንድም ቃል አልተናገሩም። ቪዲዮውን ባሳያቸው «ይህ ሽማግሌ ማነው?» አሉኝ።

ልጄ በልታ እንቅልፏን ከጠገበች በኋላ፣ ሐኪሟ ያለችኝን ሁለተኛ ነገር ነገርኳት። ወጥ ቤት ቆማ ሰማችኝ።

«ብትነግሪኝ ኖሮ በሩን ቆልፌ ቁልፉን ይዤ እገባ ነበር» አለች። «ያን ሁሉ ሰዓት እኔ የገደልኩት መስሎኝ ነበር፣ እማዬ።»

በማግስቱ ሻንጣዋን ይዛ ቴንስታ ሰፈር ወዳለች ጓደኛዋ ሄደች።

አባቴን ቤት ለማቆየት የቻልኩትን ሞከርኩ። በሩ ላይ ደወል አስገጠምኩ፣ የሥራ ሰዓቴን ቀነስኩ። ሁለት ጊዜ ደግሞ ወጡብኝ። በመከር የአዛውንት መኖሪያ ገቡ። አሁን እንደ እኔ ያሉ ሴቶች ያጥቧቸዋል፤ ስሄድ እጃቸውን አያለሁ፣ ጥፍራቸው ተቆርጦ እንደሆነ አያለሁ። ከዚያ ወዲያ የማደርግላቸው ነገር የለኝም። አብሬያቸው እቀመጣለሁ፤ መሄጃዬ ሲደርስ ካፖርቴን የምለብሰው እንዳያዩኝ ኮሪደር ወጥቼ ነው።

ልጄ ቅዳሜ ቅዳሜ ታያቸዋለች፤ እኔ የሌለሁበትን ሰዓት መርጣ። አንድ ቅዳሜ ግን ተገናኘንና ወደ ቤት አብራኝ መጣች። ምስር ወጥ አቀረብኩላት። ስትበላ አይቼ አላስችል አለኝ።

«ይቅር ብለሽኛል?» አልኳት።

አሰበችበት።

«ገና» አለችኝ፣ በአማርኛ። ከዚያ ሳህኗን ወደ እኔ ገፋ አደረገችና ጨምሪልኝ አለችኝ።